የአጎቴ ቢሮ ፕሪንተር

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ሁለት ቦታ ኮምፒውተር ጠግኜ ገባሁ። እግሬ አልቋል። ራት ላይ እማዬ፣ «ወንድሜ ደውሎ ነበር። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ሪፖርት አላወጣም ብሎታል። ነገ ብቅ በይለት» አለች። ይኸው እንግዲህ... የዘመድ ሥራ። ምስጋናም የለው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ሄድኩ። ከቀለም መጋዘኑ ጀርባ ያለችው ቢሮ... ኤጭ! ዝንብ የገባበት የትናንት ሻይ ጠረጴዛው ላይ። ኪቦርዱ በብስኩት ፍርፋሪ ተሞልቷል። አጎቴ ስንጥር ጥርሱ ውስጥ ሰክቶ ያወራል። ሲያወራ ምራቁ ይረጫል። (እዚህ ማስታወሻዬ ላይ አንቱ አልለውም። ፊት ለፊት የምለው ይበቃዋል።)

ሒሳብ ያዧ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የምትበልጥ ሴት፣ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሪፖርቱን ስክሪን ላይ አሳየችኝ። ልክ ነው። ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይረው ግን «ፋይሉን መፍጠር አልተቻለም» ይላል። ፕሪንት ስትለው ደግሞ ጭጭ።

«ባንኩ እስከ ዓርብ በፒዲኤፍ ላክ ብሎኛል። ይቺ አበላሸችው» አለኝ አጎቴ፣ እሷ እዚያው ቁጭ ብላ። «ካልወጣ ሌላ ሰው ነው የምቀጥረው።»

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም...»

«ዝም በይ!»

አንገቷን ደፋች። ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ያው ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ትናንት እንዴት አላየሁትም? ሶፍትዌሩ ፒዲኤፍ የሚያወጣው በፕሪንተር ስም በተመዘገበች ትንሽ ፕሮግራም በኩል ነው። ከፕሪንተሮቹ ዝርዝር ውስጥ ግን የለችም። ወረቀት ማተሙም የቆመው እሷን እየጠበቀ ነው። በራሷ አትጠፋም፤ ሰው ነው የሚሰርዛት። ማን?

ሒሳብ ያዧ ወጣ ብላ ነበር። አጎቴን ጠየቅኩት። ስንጥሩን ከአፉ አወጣ።

«እሱንማ እኔ ነኝ። ያለኝ ፕሪንተር አንድ፣ እዚያ የተጻፈው ሁለት! ተንኮል መስሎኝ ሰረዝኩት።»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

«እሷ ፊት? እሷ ነካክታው ነው በይ፣ የኔ ልጅ። አንቺ ምን ቸገረሽ?» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የእጁ ላብ... ቤት ስገባ መጀመሪያ ያጠብኩት ሸሚዜን ነው።

ፕሮግራሟን መለስኩ። ሪፖርቱ በፒዲኤፍም በወረቀትም ወጣ። ሴትዮዋ ስትገባ፣ እሱ እያፈጠጠብኝ፣ «እርስዎ አይደሉም ያበላሹት። ጋሼ ናቸው የሰረዙት» አልኳት።

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እሷ ወረቀቶቹን አስተካክላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ቦርሳዋን አነሳች።

«ሪፖርቱ ወጥቷል፤ እኔም ልውጣ» አለች። ወጣች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
እማዬ አኩርፋለች። «የናትሽን ወንድም በባዕድ ፊት!» ምን ልበላት?

ሰኞ፣ ኅዳር 15
ዛሬም እንደተኮራረፍን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
አጎቴ ቤታችን መጣ። ጫማውን እንኳ ሳይጠርግ ሶፋው ላይ ተዘረፈጠ።

«ያቺ ሴትዮ ሥራዬን ጥላ ሄዳ ስታበቃ የሥራ ልምድ ጻፍልኝ እያለች ነው። ሶፍትዌሩን ያበላሸችው እሷ ናት ብለሽ ፈርሚልኝ። ከዚያ የምትሆነውን አያለሁ።» የተናገርኩትን እንዳልሰማ ሰው! እንዴት ያለ ፊት ነው?

እማዬን አየሁ። ፈርሚለት ልትለኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«አንተ» አለችው፣ «የአባባን ሬዲዮ የሰበረው ማን ነበር?»

ሳቀ። «ኧረ ተይ፣ ስንት ዘመኑ!»

«የተገረፈውስ ማን ነበር?»

ሳቁ ቆመ።

«ልጄ አትፈርምም። ለሴትዮዋ የሥራ ልምዷን ጻፍላት። ነገ እኔው መጥቼ እቀበልሃለሁ።»

ወንድሟን እንዲህ ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም። ሲወጣ አልሸኘችውም። እጇን ያዝኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17
እማዬ ማኅተም የተመታበትን የሥራ ልምድ ወረቀት ተቀብላ፣ ለሴትዮዋ በእጇ ሰጥታ መጣች። ራት ላይ ስለ ሬዲዮው አወራችልኝ... ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እስከዛሬ ለማንም አልተናገረችውም ነበር።