ሰው የለበትም ስለተባለው ቤቴና ስለ ወይዘሮ ትበርህ በርሜል

ለተከበሩ የወረዳችን የቆሻሻ በርሜል ደንብ አስከባሪ ኃላፊ፣
ካዛንቺስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በየማለዳው የበርሜሎቻችንን ክዳን ገልጠው ለሚያሸቱልን ትጉህ ተቆጣጣሪዎችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ባለው ቅያስ የምኖር ሪሐና ሱሌማን ነኝ። መኖሬን ለጊዜው በቃሌ እንዲያምኑኝ እለምናለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቤቴ ነዋሪ ስለሌለበት በቅርቡ እንደሚታሸግ የሚገልጽ ወረቀት በሬ ላይ ለጥፎልኛልና። ወጥቼ ያነበብኩትም እኔው ነኝ።

፩ኛ. ስለ ደንብዎ ጥበብ አመሰግናለሁ። ባለጎማው በርሜል ጠዋት ከበር ፊት፣ እጀታው ወደ ቤቱ ዞሮ ይቆማል፤ ቆሻሻው እንደተነሳም ወደ ግቢ ይመለሳል። በርሜሉን በተደጋጋሚ ያላወጣ ወይም ባዶውን ያወጣ ቤት ሰው እንደሌለበት ይቆጠራል። የሰውን መኖር በቆሻሻው ማወቅ እኛ ጎረቤታሞቹ አስበነው አናውቅም፤ እኛ በስም ነበር የምንጠራራው።

፪ኛ. ሰፈሩ ፈርሶ ሌሎቹ ከተነሱ ወዲህ በቅያሱ የቀረነው እኔና ወይዘሮ ትበርህ ነበርን። የሄዱት ሰዎች በርሜሎች ግን አጥር በሌለበት ቦታ ዛሬም ተሰልፈው ቆመዋል። ነፋስ ሲነሳ ክዳናቸው ይንኳኳል፤ እኔ ሞኟ ደግሞ ከውስጥ «መጣሁ» እላለሁ። ደንብዎ ወደ ግቢ ይግቡ ይላል፤ የትኛው ግቢ እንደሆነ ቢጠቁሙኝ እኔው በገፋኋቸው።

፫ኛ. በሰፈራችን ቀድሞ የነቃ የጎረቤቱንም በርሜል አብሮ ያወጣል። ወይዘሮ ትበርህ ታመው መቀሌ እህታቸው ዘንድ ሲሄዱ ቤታቸውን አደራ ስላሉኝ፣ በርሜላቸውን ማውጣቴን ቀጠልኩ። ባዶ እንዳይባል ልጣጩንም ጥራጊውንም ሁሉ የእሳቸው በርሜል ውስጥ ከተትኩ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ቆሻሻ ለሁለት ቤት አይበቃም፣ ስለዚህ የእኔው በርሜል እንደጸዳ ይወጣ ነበር። ተቆጣጣሪዎ ገልጠው አዩና ሰው የለም ብለው ጻፉ። ከበሬ ላይ ቆሜ «ኧረ አለሁ» ብያቸው ነበር፤ ለካ ድምፅ በደንቡ አልተጠቀሰም።

፬ኛ. ወይዘሮ ትበርህ አርፈዋል። ለቅሶ ተቀመጥኩ፣ ከዚያም በርሜላቸውን እንደ ወትሮው አወጣሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቼ ነው። ያን በርሜል ከተውኩት በቅያሱ ብቻዬን መቅረቴን ማመን ሊኖርብኝ ነው። አንዳንድ ማለዳ ገና ከአልጋዬ ሳልነሳ የጎማውን ሲጢጥታ እሰማለሁ። ወጥቼ ሳይ ሁለቱም በርሜሎች ካደሩበት አልተነቃነቁም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ሠራተኞችዎ በሬን ሊያሽጉ ሲመጡ መጀመሪያ ያንኳኩ። ከዚህ ቤት ሌላ መግቢያ የለኝም፣ ውስጥ ሆኜ እንዳይታሸግብኝ እፈራለሁ።

ቆሻሻዬ ባይመሰክርልኝም እስካሁን የምተነፍስ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ አክባሪዎ፣

ሪሐና ሱሌማን

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስወጣ በወይዘሮ ትበርህ በር ላይ አዲስ የጥሪ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በርሜላቸውን ሳያስታጉሉ በማውጣታቸው አርአያ ነዋሪ ተብለው ስለተመረጡ፣ ሽልማቱን በአካል ቀርበው እንዲወስዱ ይላል። ከመጡልዎ እባክዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ በዚያውም ሪሐና በሕይወት አለች ብለው እንዲመሰክሩልኝ ይጠይቁልኝ፣ የእሳቸውን ቃል ሳያምኑ አይቀሩም።