ቶሎሳ የወሰደው ካሜራ

ሐሙስ፣ ጥር 14

ጠዋት መደርደሪያው ላይ፦ ካሜራ አራት፣ ሌንስ ሰባት፣ ባትሪ አሥራ አንድ።

የባቱው ፎቶ አንሺ ቶሎሳ መጣ። እሑድ ሠርግ ያነሳል። ሁለት ያገለገሉ ካሜራዎች መሐል አንድ ሰዓት ሙሉ ዋለለ። ልቡ ባለ ሁለት ካርዱ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱን ፎቶ ሁለቱም ካርድ ላይ ስለሚጽፍ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ከባድ ነው፣ አንገትህን ይሰብረዋል አልኩት። ገልብጬም ከሥሩ የለጠፍኩትን ፕላስተር አሳየሁት፤ ካሜራው እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሳ የምጽፍበት ነው። መቶ ሰማንያ ሺህ ይላል። የቀላሉ ካሜራ ሃያ ሁለት ሺህ ብቻ።

"ሠርግ መሐል ቀጥ ቢልብህስ?"

"እትዬ ሰናይት፣ እርስዎ ካሉ አለቀ" ብሎ ቀላሉን ወሰደ። አሮጌ ካሜራውንም የዋጋው አካል አድርጌ ያዝኩበት። ሁለት ካሜራ ምን ያደርግልሃል ያልኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ

አንድ ደንበኛ ባለ ሁለት ካርዱ ስንት ፎቶ እንዳነሳ ኮምፒውተር ላይ ሳላይ አልገዛም አለ። ሰካነው። ሃያ ሁለት ሺህ። ነቅዬ ደግሜ ሰካሁት። ያው ነው።

ረቡዕ ሁለቱን በአልኮል ስወለውል ፕላስተሮቹን ልጬ ነበር። ስመልስ አቀያይሬያቸዋለሁ።

ደክሞ ያለቀውን መርጬ ሰጥቼዋለሁ። መጠባበቂያ ይሆነው የነበረው አሮጌ ካሜራው ደግሞ እኔ ጋ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ደንበኛውን ተሸጧል ብዬ ሸኘሁት። ቶሎሳ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ። ባቱ የት ሰፈር እንደሚኖር እንኳ አልጠየቅኩትም።

እንደዚህ ያረጀ ካሜራ ዓመት ሲሠራ አይቻለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ግን ቀለበት ሲያጠልቁ ቀጥ ቢል ማን ይደግምለታል?

ቅዳሜ

ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩ። ዝግ። ሱቅ ውስጥ ሰው ካሜራ ሞክሮ "ቀጭ" ባለ ቁጥር እደነግጣለሁ። ባለቤቴ፣ "አንቺም ትፈሪያለሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ቶሎሳ ራሱ ደወለ። ከትናንት ጀምሮ ቡልቡላ፣ የሙሽራዋ ዘመዶች ጋ ነበር፤ ኔትወርክ የለም፤ ባቱ የገባው አሁን ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ከኋላው ከበሮ ይሰማል።

"ዛሬ ሁለቴ ቀጥ ብሎብኛል" አለ። "ሌንሱ መስሎኝ ነበር።"

ባለ ሁለት ካርዱን ከመደርደሪያው አወረድኩ።

"ሙሽራው ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከቤት ይወጣል። ባቱ መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ።" ከዚያ፣ "እትዬ፣ አሁን ደግሞ ከባድ ነው እንዳይሉኝ።"

በዚህ ሰዓት መኪና የለም። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢያቆመኝስ?

ነገ፦ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ፣ የመጀመሪያው የባቱ ሚኒባስ። ባለ ሁለት ካርዱ። የራሱ አሮጌ። አራት ባትሪ፣ ተሞልቶ።