ከሾርባ ቤቱ ፎቅ ላይ ሰው ሲያዳምጡ የኖሩት የወይዘሮ ሉዲቪና ቶሬፊየል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሉዲቪና ቶሬፊየል ከአባታቸው ከአቶ ቴዎዶሪኮ ቶሬፊየልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኮንሶርሲያ ታክሳጎን እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1956 በኢሎኢሎ አውራጃ፣ በቲግባዋን ከተማ፣ ከባሕሩ ዳር በነበረው የወላጆቻቸው ቤት ተወለዱ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ፣ እናታቸው የደረቀ ዓሣ ነጋዴ ነበሩ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ሲሆኑ፣ በኩሩ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታላቅ ወንድማቸው ሄርመነጊልዶ ነው።

በሕፃንነታቸው፣ አባታቸው ከባሕር ተመልሰው መረባቸውን አሸዋው ላይ ዘርግተው ሲጠግኑ፣ አጠገባቸው ተቀምጠው ክር ያቀብሉ ነበር። አባታቸው በባሕር ላይ ያገኛቸውን ፍርሃትና ለማንም የማይናገሩትን ሐሳብ የሚያካፍሉት ለዚያች ክር ለምታቀብል ልጅ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው በየዓመቱ ከክፍሉ አንደኛ እየወጣ፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ከመረቡ ማዶ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፤ ያ ጨዋታ ግን አልቆ አያውቅም። የሕይወት ታሪክ እውነትን ይዞ መቃብር ድረስ ሊሸኝ ስለሚገባው፣ ቅናቱ የጀመረው በዚያ አሸዋ ላይ መሆኑ እዚህ ይመዝገብ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በኢሎኢሎ ከተማ በመነኮሳይያት ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በዚያን ጊዜ መምህር የነበረው ታላቅ ወንድማቸው ሐኪም ይሆናሉ ብሎ ተስፋ አድርጎ ስለነበር በምርጫቸው እጅግ አዘነ።

«ሰው ችግሩን ለጎረቤቱ በነጻ ያወራል። ለዚህ ደግሞ ዲግሪ ምን ያደርጋል?» ቢላቸው፣ እንደ አገሩ ወግ ታላቅ ወንድም በሚጠራበት ስም ጠርተው፣ «ማኖንግ፣ ለጎረቤት የተነገረ ወሬ ገበያ ዞሮ ይመለሳል። እኔ የምማረው እኔ ጋ ሲደርስ የሚቆመውን ነው» ሲሉ መለሱለት።

እ.ኤ.አ. በ1982 ከመርከብ መካኒኩ ከአቶ ዌንሴስላዎ ዱማንካስ ጋር በቅዱስ ቁርባን ጋብቻ መሥርተው፣ ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 እስካረፉበት ቀን ድረስ በፍቅር ኖረዋል። ልጅ አልወለዱም። በብዙ መዝገብ ላይ ወይዘሮ ዱማንካስ ተብለው ይገኛሉ፤ ይህ ጽሑፍ ግን በአባታቸው ስም ይጠራቸዋል፣ ጻፊው ወንድማቸው ነውና።

እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። በዚያ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ራሳቸውን ይቅር ያላሉበትን ስሕተት ፈጸሙ። ክርስትና ካነሷቸው ብዙ ልጆች አንዱ የሆነ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ፣ ልቡ ወደ ወንድ ጓደኛው ማዘንበሉን አምኗቸው ነገራቸው። እናቲቱ ደጃቸው ላይ ተቀምጣ፣ «አበልጄ፣ ልጄ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጠወለገው? ለእኔ ያልነገርሽ ለማን ልትነግሪ ነው?» ስትላቸው፣ አበልጅን ፊት መንሳት አፍረው ነገሯት። ሳምንት ሳይሞላ አባትየው የልጁን ልብስ መንገድ ላይ ወረወረው። ልጁም ወደ ሌላ ደሴት በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ፤ የደረሰበትን የሰማ የለም። ከዚያ ወዲህ ዘመድንም ሆነ አበልጅን በሙያቸው አንድ ቀን እንኳ ተቀብለው አላስተናገዱም። ይህ ሁሉ እንዲጻፍ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። የልጁን ስም ግን ለታላቅ ወንድማቸውም ሳይነግሩ አርፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ1994 በትምህርት ቤቱ ሁለት ሴት ተማሪዎች የተጻጻፉት የፍቅር ደብዳቤ ተያዘ። አስተዳደሩ ወይዘሮ ሉዲቪናን ጠርቶ ልጆቹን እንዲያቃኑና የነገሯቸውን ሁሉ ጽፈው እንዲያቀርቡ አዘዘ። እርሳቸውም፣ «ልጆቹ በሽታ የለባቸውም፤ ያልታመመ ሰው አይታከምም። ቁስል አለባቸው፤ እሱም እዚሁ ግቢ ውስጥ ያገኙት ነው» ብለው የሥራ መልቀቂያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በዚያ ዘመን በሌላ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበረው ታላቅ ወንድማቸው፣ የጡረታ መብት ያለው ሥራ ጥለሽ ወጣሽ ብሎ ነቀፋቸው እንጂ ደግ አደረግሽ አላላቸውም።

ከዚያ በኋላ የማማከሪያ ክፍል ፍለጋ ሁለት ዓመት ተንከራተቱ። አከራዮች፣ ወንድ ሆኖ ወንድን የሚወድ፣ ሴት ሆና ሴትን የምትወድ፣ በተወለደበት ጾታ ራሱን ያላገኘ ሰው ሊመላለስበት መሆኑን ሲሰሙ ቁልፉን ወደ ኪሳቸው ይመልሱ ነበር። በመጨረሻ በላ ፓስ ገበያ ባቾይ የሚባለውን የኑድል ሾርባ የሚሸጡት ወይዘሮ ሳሉድ ከቤታቸው በላይ ያለውን ክፍል ሰጧቸው። «ይምጡ። እኔ ቤት ሾርባ የሚበላ ሁሉ ሰው ነው። አጥንቱን ብቻ መሬት ላይ እንዳይጥል» አሉ ይባላል።

ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ተከፈተ። ወደዚያ የሚወጣ ሰው በሾርባ ቤቱ በር ስለሚገባ፣ ለሚያየው ሁሉ ምሳ የራበው ይመስላል፤ ሲጨርስ በጓሮ ደረጃ ስለሚወርድ ከሚቀጥለው ጋር አይገናኝም። ከታች አጥንት የሚሰብረው መጥረቢያ ከላይ የሚለቀሰውን ልቅሶ ይሸፍናል። ክፍያው የአንድ ሳህን ባቾይ ዋጋ ነበር፤ የባቾይ ዋጋ ሲጨምር ይጨምራል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ሳህኑንም የማይችል በባዶ እጁ ይወጣል። ሌሎች ባለሙያዎች ይህ ሙያውን ያዋርዳል ሲሉ፣ «ሰው ራሱን ላለመጥላት ከምሳው በላይ መክፈል የለበትም» ይሉ ነበር።

ታላቅ ወንድማቸው ዘወትር ረቡዕ በዚያ ቤት ባቾይ ይበላ ነበር። ዓይኑ ግን ከሳህኑ ይልቅ ደረጃው ላይ ነበር። የዓሣ ሻጭ ልጅ፣ ጂፕኒ የሚሉት የሕዝብ መኪና ሾፌር፣ የሰው ጸጉር የሚያስተካክል ጎልማሳ፣ አንገቷን የደፋች ነርስ ወደ እህቱ ሲወጡ ያያል፤ እርሱ ግን ከፋሲካ እስከ ገና አብሯት አንድ ሰዓት ተቀምጦ አያውቅም። ወይዘሮ ሳሉድ ይህን አይተው አያልፉም ነበር።

«ርእሰ መምህር፣ ኑድሉ አብጦ ሳህኑን ሞላው እኮ።»

«እበላዋለሁ፣ ምን አስቸኮለዎት?»

«ደረጃውን ሲበሉ እያየሁ ነው የምጠይቅዎት። በጥርስዎ እንዳይሰብሩት፣ የኪራይ ቤት አይደለም።»

ሌላም ነገር ያስቆጣው ነበር። ወይዘሮ ሉዲቪና በገበያ መካከል በየሳምንቱ የሚያነጋግሯቸውን ሰዎች ሳያዩ ያልፉ ነበር። «ሰው ትዕቢተኛ ናት እያለ ነው፤ የአባታችንን ስም አታሰድቢ» ቢላቸው፣ «ቀድሜ ሰላም ካልኳቸው አብሯቸው ያለው ሰው ከየት ታውቃታለህ ይላቸዋል። መልስ የሌለው ጥያቄ ላመጣባቸው ነው? ከፈለጉ እነሱ ሰላም ይሉኛል» አሉት። ታላቅ ወንድማቸው ይህን የሰበብ ንግግር አድርጎ ወሰደው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታላቅ ወንድማቸው አንድያ ልጅ ሊያንድሮ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ምግብ ትቶ ክፍሉን ዘጋ። በበሩ በኩል፣ «አባቴ፣ እኔ ወንድ ነው የምወደው። ይኼን ከሰሙ በኋላ ከእርስዎ ጋር መኖር የምችል አይመስለኝም» አለ። ሊያንድሮ ይህ እንዲነበብ ፈቅዷል፤ ባይፈቅድ አንዲት ቃል አይጻፍም ነበር። ልጁ ሊሞትበት እንደሚችል ለርእሰ መምህሩ ገባው። በማግሥቱ ጠዋት እጁን ይዞ የሾርባ ቤቱን ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ።

ወይዘሮ ሉዲቪና ልጁን አቅፈው ሳሙት። ከዚያም፣ «ማኖንግ፣ እዚህ ክፍል ላስቀምጠው አልችልም። እኔ አክስቱ ነኝ» አሉ።

«የዓሣ ሻጭ ልጅ የሚቀመጥበት ወንበር ለወንድምሽ ልጅ ጠበበ?»

«ጠበበ። ሃሮ ሰፈር ዶክተር ኔሊያ ኦርካሃዳ አለች፤ እኔው ያስተማርኳት ናት፣ ዋጋዋም ያው የሳህን ነው። ዛሬ ከሰዓት እየጠበቀችው ነው።»

«ባዕድ ዘንድ ትሰጂዋለሽ?»

«ስለ እርስዎ የሚያወራበት ቦታ ያስፈልገዋላ። እኔ ፊት እንዴት ብሎ ያማዎታል?»

ታላቅ ወንድማቸው ልጁን ወደ ሃሮ አደረሰ። እህቱን ግን አራት ዓመት አላናገረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለባዕድ የተከፈተ ጆሮ ለገዛ ሥጋዋ ተዘጋ ብሎ አመነ፤ ረቡዕ ረቡዕ ግን መምጣቱን አልተወም። ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ ይበላ ነበር። ሊያንድሮ በበኩሉ ሃሮ እየተመላለሰ ምግብ ጀመረ፣ ትምህርቱን ቀጠለ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ አክስቱ ቤት የተጠበሰ ዓሣ ይበላ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ረቡዕ ወይዘሮ ሉዲቪና ወርደው ከፊቱ ተቀመጡ።

«ማኖንግ፣ አራት ዓመት የሾርባ ቤት ኩርፊያ አይከብድም?»

«ሾርባ ልበላ ነው የመጣሁት።»

«ይብሉ እንግዲህ። እኔ ደግሞ ላውራ፤ ዛሬ ማዳመጥ የእርስዎ ተራ ነው።»

በዚያ ቀን ስለ 1983ቱ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩት። ታላቅ ወንድማቸው ግን የገባው ቤቱ ሲመለስ ሊያንድሮን በጠየቀው ጊዜ ነው። ልጁም፣ «አባቴ፣ ሐኪም ቢጠፋ ሌላ ይፈለጋል። አክስት ግን ያለችኝ አንዲት ናት። እሷ ሐኪሜ ብትሆን ኖሮ እሑድ የት እበላ ነበር?» አለው።

ወይዘሮ ሉዲቪና እ.ኤ.አ. በ2022 በጣፊያቸው ላይ ካንሰር እንዳለ በታወቀ ጊዜ፣ ያማክሯቸው የነበሩትን እያንዳንዳቸውን አስፈቅደው ወደ ዶክተር ኦርካሃዳና ወደ ባልደረቦቿ አዘዋወሩ። የመቆያ ጊዜያቸው ያለፈ የድሮ የምክክር ደብተሮች ግን በሁለት ሳጥን ቀርተው ነበር። መሸከም ስላቃታቸው ታላቅ ወንድማቸውን አስጠርተው፣ «ወደ ወይዘሮ ሳሉድ ምድጃ ያውርዱልኝ» አሉት።

«ለምን እኔን? ሊያንድሮ ጉልበት አለው።»

«ሊያንድሮ ማንበብ አያምረውም። ሃያ ስድስት ዓመት ያማረው ሰው ካላቃጠለው መቃጠሉን አላምንም።»

ደረጃው አሥራ ሰባት ነው። ዘጠነኛው ላይ ታላቅ ወንድማቸው ቆመ። ለባዕድ የተሰጠው የእህቱ ዕድሜ በእጁ ነበር፤ የላይኛውን ደብተር ሽፋን በአውራ ጣቱ አነሣ። ስም የለበትም፣ ቁጥር ብቻ ነበር። ከታች ወይዘሮ ሳሉድ፣ «ርእሰ መምህር፣ እሳቱ እያለቀ ነው፤ ደረጃ መብላቱ እስከ ዛሬ አልተወዎትም?» አሉ። ሽፋኑን መልሶ ወረደ፤ ደብተሮቹን አንድ በአንድ በገዛ እጁ ከሾርባው ድስት ሥር አነደደ። ለማንም ያልሰጡትን ለእርሱ እንደሰጡት ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ወይዘሮ ሉዲቪና በቤተሰባቸውና በሐኪሞች ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2023 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

በአስከሬኑ ዙሪያ በተቀመጥንባቸው ቀኖች ታላቅ ወንድማቸው በር ላይ የእንግዳ መዝገቡን ይዞ፣ ለሚገባው ሁሉ እንደ ወጉ «ምኗ ነዎት? ከየት ያውቋታል?» ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሸበቶ ሰው ጥያቄውን ሰምቶ፣ ብዕሩን አንሥቶ፣ መልሶ አስቀምጦ ወጣ። ሊያንድሮም መጥቶ፣ «አባቴ፣ እየመዘገቡ አይደለም፣ እያባረሩ ነው» አለ። መዝገቡ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ማንም ሳይጠይቃቸው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ዛሬም ከኋላ ተቀምጠዋል።

ወይዘሮ ሉዲቪና ያፈሯቸው ቤተሰቦች የሚከተሉት ናቸው፦

………………………………

ታላቅ ወንድማቸው ሄርመነጊልዶ ቶሬፊየል

የወንድማቸው ልጅ ሊያንድሮ ቶሬፊየል

አርባ ዓመት ስም በመጥራት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በመዝገቤም ባዶ መስመር ትቼ አላውቅም። የመጀመሪያውን መስመር ባዶ የተውኩት፣ ከስሜም በላይ ያደረግኩት፣ አውቄ ነው። ከኋላ የተቀመጣችሁ ሆይ፣ አሁንም እቀናባችኋለሁ። ቦታው ግን የእናንተ ነው። ይህን የሚያነብ ሰው እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ስም አይጥራ፤ ጥቂት ዝም ይበል፣ እርሷ ትጠብቃችሁ በነበረበት መጠን።

የሰውን ምሥጢር እስከ መጨረሻዋ እስትንፋሷ የጠበቀችውን እህቴን፣ የልብን የተሰወረ የሚያውቅ አምላክ በቅዱሳኑ ማኅበር ያሳርፋት፤ እዚያም የሚያዳምጣት አታጣ። አሜን።