ዞሲያ ለቅሶ ደረሰች

ውድ ልጄ ዓምሃ፣

በስልክ ስነግርህ ትስቃለህ፤ አንተ ስትስቅ ደግሞ የጀመርኩት ወሬ ይጠፋብኛል። ስለዚህ በወረቀት ልጻፍልህ ብያለሁ። የአክስትህ ልጅ መቅዲ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። እንዳታነበው አስምያታለሁ፤ ግን ታነበዋለች።

ያልከኝን አልረሳሁም። «ሥራዬን ጨርሼ እስክመጣ ዞሲያ አንቺ ጋ ትቆይ፤ እያት፤ ካልወደድሻት በግልጽ ንገሪኝ፤ ያለ ምርቃትሽ አላገባም» ብለህ ልጅቷን ከፖላንድ ብቻዋን ሰደድክብኝ። እውነቱን ልንገርህና፣ ምርቃቱን ሳይሆን ኩርፊያውን አዘጋጅቼ ነው የጠበቅኳት። እኔ በእሷ ቋንቋ አንድ ቃል አልችል፤ እሷ ከ«እሺ» እና ከ«አመሰግናለሁ» ሌላ አታውቅ። እንዴት ብለን ነው አማትና ምራት የምንሆነው? ለመጣላት እንኳ እኮ ቋንቋ ያስፈልጋል።

ደግሞ ቤት አትቀመጥም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ ይህቺ ግን የማታውቀው ሰፈር ሁሉ ይናፍቃታል። ቁርሷን በልታ ጫማዋን ጥብቅ አድርጋ ታስርና ትወጣለች። በእጄ ምልክት «ወዴት ነው?» ስላት «እሺ» ትለኛለች። እንዳትጠፋብኝ ስልክ ቁጥሬን በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጻፍኩባት። በመጣች በማግስቱ አንድ የታክሲ ረዳት ደወለና፣ «እማማ፣ የጠፋ ሰው አለብዎት?» አለኝ። ለካ ሽሮ ሜዳ ልትሄድ ተሳፍራ፣ የት እንደምትወርድ ስላላወቀች፣ ታክሲው ሲመላለስ አብራው ስትመላለስ አርፍዳለች። ልጁ ሒሳብም አልተቀበላት፤ ጭራሽ ቆሎ ሲጋብዛት ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ እንጦጦ ማርያም ወጣች። ስትመለስ ጀርባዋ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማለች። አንዲት ቅጠል ለቃሚ ባልቴት መንገድ ላይ አግኝታ፣ ሸክማቸውን ተቀብላ፣ እሳቸውን ከኋላ አስከትላ፣ ጎንበስ ብላ በቀጨኔ መሐል አለፈች። ሰው ሁሉ ከየበሩ ወጥቶ አያት። የአባትህ ዘመዶች ሳይቀሩ እየደወሉ፣ የሰው አገር ልጅ ቅጠል ታስለቅሚያለሽ አሉ፣ ብለው ወቀሱኝ። ለማን አቤት ይባላል? ልጅቷን ልቆጣት ብል ደግሞ ስቆጣት ቆይታ «አመሰግናለሁ» ትለኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጎረቤታችን ጋሽ በድሉ ማረፋቸውን ነግሬህ ነበር። ከሚስታቸው ከአጸደ ጋር በጣራው ውሃ ምክንያት መኳረፋችንንም ታውቃለህ። አሸንዳቸው ዝናቡን የሚያወርደው እኔ ግቢ ነው፤ ዛሬም ብትጠይቀኝ ጥፋቱ የእሷ ነው። ለቅሶ ግን ሌላ ነው። ድንኳኑ ከደጄ ፊት ለፊት ተተክሎ እኔ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ልሂድ እልና፣ በሰው ፊት ፊቷን ብታዞርብኝስ ብዬ እመለሳለሁ። ጋሽ በድሉ እኮ በጥምቀት ታቦቱን እንድታይ በትከሻቸው የሚሸከሙህ ሰው ነበሩ። ቀብሩ አለፈ፤ ሠልስቱም ደረሰ። የእድሩ ሰው ሁሉ መቅረቴን አየ፤ እኔም አንጀቴ እያረረ ቀረሁ።

በሠልስቱ ቀን ዞሲያ ሽሮ ሜዳ ደረሰች፤ በዚህኛው ጊዜ መውረጃዋን አውቃለች። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጋቢውን ያሠራበት ከነበረው ከሸማኔው ከሾዴ ዘንድ ነጠላ ገዛች። ጥለቱ አረንጓዴ ሆኖ ወርቃማ ጣል ጣል ያለበት፣ በጣም የሚያምር ነው። አለባበሱን ግን ማን ያሳያት? ያ ያማረው ጥለት ፊቷ አጠገብ እንዲሆንላት ብላ ወደ ላይ ገልብጣ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። አዘቅዝቃ ለበሰች ማለት ነው፤ ልክ ሰው እንደሞተባት።

ከታክሲ ወርዳ ወደ ቤት ስትመጣ ያያት ሁሉ አዘነላት። አንዷ እግዜር ያጽናሽ ትላታለች፤ እሷ «አመሰግናለሁ» ትላለች። ሌላዋ አቅፋ ትስማታለች፤ እሷም አጸፋውን ትስማለች። አዘቅዝቃ ወደዚያ ሰፈር የምታቀና ሴት፣ ፈረንጅም ብትሆን፣ ሌላ የት ልትሄድ ነው? ለቅሶ ለመድረስ የሚሄዱ ሴቶች ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው ወደ አጸደ ድንኳን አስገቧት። «እሺ» ብላ ገባችላቸው።

እኔ ቤት ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። መሰለች ባለ ሱቋ በአጥር ብቅ ብላ፣ ምራትሽ አጸደ ዘንድ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው፣ አለችኝ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። በቤት ልብሴ፣ ሽርጤን እንዳሸረጥኩ፣ እጇን ይዤ ላወጣት ሮጬ ሄድኩ። በኋላ ሳየው ግራና ቀኝ እግሬ ላይ ያለው ጫማ የተለያየ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። ዞሲያ አጸደ አጠገብ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብላ፣ በአንድ እጇ ንፍሮ ጨብጣ፣ እንባዋ ይወርዳል። የምሯን ነው፣ ዓምሃ። ማን እንደሞተ እንኳ አታውቅም። አጸደ ስታለቅስ ታለቅሳለች፤ አጸደ ስታርፍ እሷም ታርፍና ንፍሮዋን ትቆረጥማለች። እኔ ቤት ከገባች ጀምሮ አንድ ሰው አቅፏት አያውቅም ነበር። እዚያ ግን የሰፈሩ ሴት ሁሉ አቀፋት፤ የቤተሰቦቿና የአንተ ናፍቆት ነው ያን ጊዜ የወጣላት ብዬ አስባለሁ። አንጀቴን በላችው።

ተነሺ እንሂድ ልላት አፌን ስከፍት አጸደ ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጅሽን አስቀድመሽ ላክሽልኝ» አለች። «እኔ እኮ ለበድሉ እንኳ አልመጣችም ብዬ ተቀይሜሽ ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ያያል። ዞሲያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ጠጋ ብላ መሐላቸው ቦታ ለቀቀችልኝ።

«አዎ» አልኳት፣ «እሷን አስቀደምኩ። እኔ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው፣ አጸድዬ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። አጸደን አንገቷን አቅፌ፣ ጋሽ በድሉን እያነሳሁ እንዴት እንዳለቀስኩ ባለ ሱቋ መሰለች ትነግርሃለች፤ ጫማዬንም አትረሳውም።

አሁን ልጅቷ እዚያ ነው ውላ የምታመሸው። ብርጭቆ ታጥባለች፤ ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ ወንበር ታቀርባለች። ዘግይተው የሰሙ ሰዎች ከአጸደ ቀጥለው እሷን ያጽናናሉ። አሸንዳውም ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል። ጥፋቱ የአጸደ ባይሆን ለምን ታዞረዋለች? ብቻ ይህን አላነሳሁባትም።

ትናንት ስትደውል በሚቀጥለው ሳምንት እንደምትገባና ለሰርጉ አዳራሽ ልትይዝ እንደሆነ ነገርከኝ። ቃሌን ሳትሰማ ምን አጣደፈህ? ከአጸደ ጋር ተቀምጠን ተመካከርንበት፤ ሁለታችንም አንድ ቃል ነን። ከጋሽ በድሉ አርባ በፊት ሰርግ የለም። ሙሽራዋ ሐዘን ላይ ናት።

የአንተም የእሷም እናት፣
ሙሉእመቤት