ሳላሸት አይለኮስም

ጥቅምት 4

ጠዋት ለአዲሱ ፊልም ሁለት ቤት አቃጠልኩ። ቁመታቸው እስከ ጉልበቴ። ካሜራው በፍጥነት ቀድቶ ፊልሙ በዝግታ ሲታይ፣ ጣት የሚያህል ነበልባል የሰፈር ቃጠሎ ይመስላል። ስጀምረው ይህን የሚያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረም። ከማን ልማር? የገዛ ወጥ ቤቴን መጋረጃ አንድጄ ነው የተማርኩት። ሚስቴ ዛሬም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራብኛለች።

ከሰዓት ቤት ዋልኩ። የሰነበተብኝ ጉንፋን የለቀቀኝ መሰለኝ። ምድጃው አጠገብ ጋዜጣ ሳነብ ሚስቴ እየጮኸች ገባች።

«አንተ ሰውዬ! ወተቱ አርሮ ቤቱ በጭስ ሲታፈን ዝም ብለህ ታነባለህ?»

አላሸተትኩም... አፍንጫዬ ስር ሆኖ። ሳቅንበት።

ጥቅምት 6

የስራ ክፍሌ መደርደሪያ ላይ ያሉትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ ከፈትኩ። ናፍጣ። ኮምጣጤ። ሙጫ። የቀለም ማቅጠኛ። መጨረሻ ላይ ሽንኩርት ለሁለት ከፍዬ አፍንጫዬ ላይ ለጠፍኩ። እንባዬ መጣ፣ ሽታው አልመጣም።

ጉንፋን ነው። ጉንፋን ነው አይደል?

ጥቅምት 15

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጉንፋኑ የማሽተት ነርቩን ጎድቶታል አለ። «ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል።» ቀጥሎ ስራዬን ጠየቀኝ። ሲኒማ አልኩት።

«እንግዲያማ ችግር የለውም። ምግብ አብሳይ ቢሆኑ ነበር የማዝንልዎት።»

ሳቀ። አብሬው ሳቅኩ። ምን ልበለው? ስቱዲዮ ውስጥ ስሜ «አፍንጫው» ነው ልበለው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሳት ከመለኮሱ በፊት ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። እኔ ብቻዬን ግድግዳውን፣ የጋዝ ቱቦውን፣ በሩን እያሸተትኩ እዞራለሁ። «ደህና» ካልኩ ይለኮሳል። ካላልኩ አይለኮስም። አንድም ሰው ተቃጥሎብኝ አያውቅም።

ለማንም አልተነፈስኩም። ለሚስቴም ቢሆን።

ጥቅምት 22

አዘጋጁ የትንንሾቹን ቤቶች ቀረጻ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይሄ አይበቃኝም። ሰው በእሳት መሃል ሲያልፍ ማየት እፈልጋለሁ። እውነተኛ ክፍል ሰርተን እናቃጥል።»

በተዋናይዋ ፈንታ በእሳቱ የምታልፈው ልጄ ናት። ስራዋ ነው፤ ከእኔ ነው የተጋባባት። ከእሳት በወጣች ቁጥር ጭንቅላቷን ወደ እኔ ዘንበል አድርጋ «አባዬ፣ እስቲ አሽትተኝ፣ ፀጉሬ ነዷል?» ትለኛለች። የመጀመሪያ ቀን የጀመረችው ነው፣ አልተወችውም።

አዘጋጁ ትፈሪያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አባዬ ካሸተተው ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገባው።»

አጨበጨቡላት። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ጥቅምት 29

ክፍሉ ቆሟል። የቀረው ቀለም ነው። ቀለም ቀቢው የሃያ ዓመት ወዳጄ ነው፣ ሕጋችንን ያውቃል፤ በሚቃጠል ክፍል የውሃ ቀለም ብቻ። የዘይት ቀለም ከነማቅጠኛው ሳይደርቅ እሳት ካገኘው ቀስ ብሎ አይያያዝም፣ በአንዴ ቦግ ነው የሚለው። ዝናቡ ግን አላባራም። በሩ አልደርቅ ብሎታል።

«ይደርቃል ወንድሜ፣ አታስብ» አለኝ።

እንዴት አላስብ?

ኅዳር 1

ልምምድ፣ ያለ እሳት። ዙሬን ዞርኩ። ጸጥታው እንደ ድሮው ነው። አፍንጫዬን በሩ ላይ አስጠጋሁ፣ ዓይኔን ከደንኩ፣ የማሰላስል መሰልኩ... በስተርጅና ተዋናይ ሆኜ አረፍኩት! ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ደህና» አልኩ።

ልጄ ውሃ እየጠጣች ታየኛለች። «አባዬ፣ ዛሬ ቶሎ ጨረስክ።»

«ልምምድ አይደል?»

ኅዳር 3

ልነግራት ነበር። ምሳ ልትበላ መጣች፣ እናቷ ወጣ ብላለች፣ ሁለታችን ብቻ። ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሷል። ቀደመችኝ።

«ሽቶ ቀየርኩ። እንዴት ነው?» አንገቷን ወደ እኔ አስጠጋች።

«ያምራል። አበባ አበባ ይላል።»

አንገቷን መለሰች። ከዚያ ተነስታ ሳህኖቹን ታጥብ ጀመር። ሁለት ሳህን ለማጠብ ያን ያህል ጊዜ ምን ያደርጋል?

ነገ እነግራታለሁ።

ኅዳር 4

አልነገርኳትም። ከተናገርኩ ማን ነኝ? አሸታች አፍንጫ የሌለው «አፍንጫው»... መሳቂያ። ይህ ፊልም ብቻ ይለቅ። አንዴ ብቻ።

ኅዳር 6

ማታ ነው የምጽፈው።

የጭስ ማሽኑ ከማለዳ ጀምሮ ሲሰራ ስለነበር የሁሉም ሰው አፍንጫ ደንዝዟል። ልጄ መከላከያ ቅባቷን ተቀብታ፣ እርጥብ ልብሷን ለብሳ በሩ ጋ ቆማለች። ዞርኩ። ግድግዳ። ቱቦ። መስኮት። በር። ፊት ለፊት ተገጣጠምን። አየችኝ... ረጅም አስተያየት ነው። አሁን ብናገርስ?

«ደህና» አልኩ።

አዘጋጁ እጁን አነሳ።

«አልገባም» አለች ልጄ።

ሰው ሁሉ ክው አለ። «ምን ሆነሻል?» ብዬ ጮህኩባት። በሰው ፊት አዋረደችኝ ብዬ። እኔ! አልመለሰችልኝም። ተንበርክካ የበሩን ግርጌ አሸተተች፣ ልጅ ሳለች እንዳስተማርኳት አድርጋ። ከዚያ ቀለም ቀቢውን ጠራችው።

«ጋሼ፣ ይሄ በር በምንድን ነው የተቀባው?»

የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። የውሃው ቀለም አልይዝ ብሎት ጠዋት በዘይት ቀለም ደርቦበታል። «የደረቀ መስሎኝ...» ወደ እኔ ዞረ። «ደግሞ አንተ ስትዞር ታገኘዋለህ፣ ካገኘኸው እፍቀዋለሁ ብዬ... አሸተትከው አይደል እንዴ?»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ኅዳር 7

አዘጋጁ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ቀለም ቀቢው «ጥፋቱ የኔ ነው» እያለ ያለቅሳል። አይደለም፣ የኔ ነው አልኩ።

ከሰዓት ልጄ ቤት መጣች። አልተቀመጠችም።

«ያን ቀን ሽቶ አልተቀባሁም ነበር።»

«ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«እስክትነግረኝ ነዋ። እስከ በሩ ድረስ ጠበቅኩህ፣ አባዬ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 2

ክፍሉ ዛሬ ተቃጠለ። በሩ ተቀይሯል። ዙሩን የዞረችው ልጄ ናት፣ ከእኔ ይልቅ በዝግታ። እኔ ከደህንነት መስመሩ ወዲህ ወንበር ተሰጥቶኛል። አዘጋጁ ልማድ ሆኖበት ወደ እኔ ዞረና «ጋሼ?» አለ። ወደ እሷ ጠቆምኩት።

«ደህና» አለች። ገባች። በዘጠኝ ሰከንድ ወጣች... ዘጠኙንም ቆጥሬያለሁ።

ጭብጨባው ሲቀልጥ ቆቧን አወለቀች። በፊቴ አልፋ ሄደች። ልብስ ጠባቂዋ ጋ ስትደርስ ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች።

«እስቲ አሽትቺኝ፣ ፀጉሬ ነዷል?»

አልነደደም። ከወንበሬ ሳልነሳ በዓይኔ ፈትሼዋለሁ።