ግማሽ በግማሽ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ። እንዴት ነህ፣ ቤትህስ? እኛ ጋ ሁሉም ደህና ነው፤ የመጋረጃ ጨርቅ ገበያውም አይከፋም።

ማክሰኞ ሱቁን ዘግቼ አንዲት የዘር በሽታ አማካሪ ባለሙያ ዘንድ የምርመራ ውጤቴን ልሰማ ሄድኩ። አባባን እጁን እያንቀጠቀጠ የወሰደው በሽታ እኔ ላይ የለም። ከዚህ በፊት የሄድኩ ጊዜ ከአባት ወደ ልጆቹ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ነጋዴ አይደለሁ? ግማሽ በግማሽ ሲባል የሚገባኝ እንደ ሸሪክ መካፈል ነው።

«እንግዲያ እኔ ነጻ ከሆንኩ፣ የቀረው የወንድሜ ድርሻ ነው?» አልኳት።

«ኧረ አይደለም እህቴ! ያንቺ ለብቻ፣ የእሱም ለብቻ ነው። አንቺ ስላመለጥሽ እሱ ላይ የተጨመረ ነገር የለም። መመርመር አለመመርመሩም የራሱ ፈቃድ ነው።»

«ቅናሽ የለውም በይኛ» ብላት ሳቀች።

የምሥራች ሰምቼ ስወጣ ግን ምሳ እንኳ አላሰኘኝም።

የላክኸውን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ሻይህን የምትጠጣው ብርጭቆውን እንደ አባባ በሁለት እጅህ ይዘህ ነው። እዚያ ብርድ ነው መሰለኝ፤ ወፍራም ሹራብ እልክልሃለሁ። ለመምጣት ካሰብክም ንገረኝ፤ ሱቁን ዘግቼ የምትሄድበት ሁሉ አብሬህ እሄዳለሁ።

ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ሁሌም የምታስብህ ታላቅ እህትህ።