ውሃ የመጣበት ቅዳሜ

ሰኞ፣ የካቲት 2። ማታ

ዛሬም ጠብታ የለም። ግቢው ውስጥ ካለው ሮቶ ሁለት ጀሪካን ቀድቼ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ወገቤ ተቆረጠ። በአንዱ እማዬን አጠብኳት፣ ሌላው ለወጥና ለሽንት ቤት። ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ኑሯችን ይኸው ነው። ጀርባዋ ላይ የቀላው ቦታ ሰፍቷል። ነርሷ በየቀኑ ትታጠብ ብላለች። በምን? በምራቄ?

የብሎኩ ፓምፕ ከተበላሸ ከርሟል። ወረዳው "በሂደት ላይ ነው" ይላል። ሂደት የሚባለው ነገር ያስጠላኝ ጀምሯል።

ረቡዕ፣ የካቲት 4። ከሥራ መልስ

ስማ ማስታወሻዬ፣ ተሾምኩልህ። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ተፈሪ ደረጃው ላይ ጠብቀው ያዙኝ። ቅዳሜ ወረዳው የግማሽ ዓመት ሥራውን በነዋሪ ያስገመግማል። ተናጋሪያችን አንቺ ነሽ አሉኝ። እሳቸው ደም ግፊት አለባቸው፣ እንዳይናደዱ ሐኪም ከልክሏቸዋል። እኔን የከለከለኝ የለም።

ለየአገልግሎቱ ነጥብ እንሰጣለን፣ ከአምስት፤ የእኔ ይኸው። ቆሻሻ፦ ሁለት። ሰብሳቢዎቹ ሴቶች ይለፋሉ፣ ገንዳውን የሚያነሳው መኪና ነው የጠፋው። መታወቂያ፦ ዜሮ። የእማዬን ላሳድስ በሄድኩ ቁጥር "ሲስተም የለም"። ሲስተሙ ሲመጣ ደግሞ ባለመታወቂያዋ ራሷ ትቅረብ ይሉኛል። አዝያት ልምጣ? የመንገድ መብራት፦ ሦስት። ይበራል፣ እውነት ለመናገር። በጠራራ ፀሐይም ይበራል። ውሃ፦ እሱን ቆሜ ነው የምናገረው።

ዓርብ፣ የካቲት 6። ቢሮ፣ ምሳ ሰዓት

ከወረዳው አንድ ሰው ደወለልኝ። ድምፁ ማር ነው። አስተያየቴ "ገንቢ" እንዲሆን፣ ከጠንካራ ጎን እንድጀምር፣ ክፍተት ካለ ለስለስ አድርጌ እንዳነሳ። እሺ አልኩት። የመብራቱን አመሰግናለሁ፣ ከዚያ እናያለን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7። 9 ሰዓት

የሚያጽፈኝ ንዴት ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። በር ላይ ስም ጻፉ፣ ፈርሙ፣ የታሸገ ውሃ ውሰዱ። (የታሸገ ውሃ! አፍሬ አልተውኩትም፣ ለእማዬ ያዝኩላት።) ሪፖርቱ ተነበበ። የውሃ አቅርቦት "በእጅጉ ተሻሽሏል" ሲል ሰዉ ተንጫጫ። እጄን አወጣሁ። ተራዬን ስጠብቅ ሮማን ደወለች፣ እማዬን የምታይልኝ ጎረቤቴ። ግቢው ቧንቧ ላይ ውሃ መጥቷል፣ ቀጭን ነው፣ ቶሎ ነይ።

ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ስልክም ጮኸ። ከኋላዬም። ወንበሮች መንቋቋት ጀመሩ። ጋሽ ተፈሪ እንኳ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። እኔ ትንሽ ቆምኩ። የእማዬ ጀርባ ታየኝ። ሮጥኩ። ምን ላድርግ?

ገምጋሚው ሁሉ ጀሪካን ይዞ ግቢው ውስጥ ተሰልፏል። ስንጋፋ፣ ስንሰዳደብ ቀዳን። ውሃው ሲሄድ ስብሰባውም አልቋል።

ሆን ብለው ነው እንዳልል ውሃ የሚለቀው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። አይደለም እንዳልል ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ውሃ አይተን አናውቅም። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 8

ቅበላ ነው። ሰፈሩ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። እማዬ ታጥባ ተኝታለች፣ ፊቷ ፈካ ብሏል። ደስ አለኝ፣ በጣም።

ማታ ጋሽ ተፈሪ ውጤቱን ይዘው መጡ። ውሃ፦ አራት ከአምስት፣ በሙሉ ድምፅ። ማን ነበርና ነው ሙሉ ድምፅ? የወረዳው ሠራተኞችና ውሃ የማይቸግራቸው ጥቂት ሰዎች። የድምፁ ማስረጃ ግን እኛ በር ላይ የፈረምነው ነው። ለመገኘታችን የፈረምነውን ለመስማማታችን አደረጉት። የእኔም ስም አለበት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ማታ

ወረዳ ተጠራሁ። ያው ዓርብ የደወለው ባለ ማር ድምፁ ሰውዬ። ቃለ ጉባኤው የብሎክ ተወካዮች ፊርማ ይጎድለዋል። ከፈረምኩ ፓምፑ በዚህ ወር ይጠገናል። ካልፈረምኩ ሪፖርቱ አይጸድቅም፣ ሪፖርቱ ካልጸደቀ በጀት የለም። በትሕትና ነው ያለኝ። ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ፣ እስከ ነገ አስቢበት አለ። እንግዲህ ውሃ ተሻሽሏል ብዬ ፈርሜ ነው ውሃ የማገኘው!

ለእማዬ ነገርኳት። በዚያ በሚጎተተው አፏ ፈርሚ አለችኝ። መታጠብ ነው የፈለገችው። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናንተን የወረዳዎቹን ግን አልምራችሁም።

ረቡዕ፣ የካቲት 11። ጠዋት

ፈረምኩ። ከፊርማዬ በላይ ግን በገዛ እጄ ጻፍኩበት፦ "ይህ ሲወሰን አልነበርኩም፣ ውሃ ስቀዳ ነበር።"

ጋሽ ተፈሪ አነበቡት። ደም ግፊታቸውን ፈራሁ። መነጽራቸውን አስተካክለው ከሥር "እኔም እንደዚሁ" ብለው ፈረሙና ወረቀቱን ይዘው ጎረቤት ሊያስፈርሙ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረዱ።

ፓምፑን ቢከለክሉን ለእማዬ ምን እንደምላት አላውቅም። ፈርሜያለሁ ብያታለሁ፣ ውሸትም አይደለም። ከቢሮ አስፈቅጃለሁ፣ 4 ሰዓት ላይ ለሰውዬው በእጁ እሰጠዋለሁ። ሮማን አሁን ገብታ ነገረችኝ፦ የወረቀቱ ፊት ሞልቶ ጀርባው ላይ እየፈረሙ ነው፣ ከሌላ ብሎክም መጥተው ተሰልፈዋል።